አንዱ ነጥብ ስድስት ኮከብ ሲሆን፦ በስፔክትሮስኮፕ ስለሚገኙ ቅርብ ተጣማሪ ከዋክብት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ካስተር የሚባለው ኮከብ በሰማይ ላይ አንድ ነጥብ ነው። አባቶቻችን ገውዝ በሚሉት የከዋክብት ክፍል ውስጥ ከፖሉክስ ጋር ጎን ለጎን ይታያል። ይህ አንድ ነጥብ ስድስት ኮከብ ነው ሲባል ሰሚው መጀመሪያ ፈገግ ይላል፤ ቀጥሎም «ማን ቆጠራቸው?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከስድስቱ ሦስቱ የተገኙት ማንም ሳያያቸው፣ በብርሃን ትንተና ብቻ ነውና። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በብዛት የዚያ የመጀመሪያ ጥያቄ ልጆች ናቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ተለይተው ካልታዩ ሁለት መሆናቸው እንዴት ይታወቃል?

የኮከብ ብርሃን በስፔክትሮስኮፕ ውስጥ ሲያልፍ እንደ ቀስተ ደመና ይዘረጋል። በተዘረጋው ቀለም ላይ ቀጫጭን ጥቋቁር መስመሮች ይታያሉ፤ በኮከቡ ከባቢ አየር ውስጥ ያሉት ሃይድሮጅን፣ ካልሲየም፣ ብረትና ሌሎችም ንጥረ ነገሮች የየድርሻቸውን ብርሃን ውጠው ያስቀሩባቸው ቦታዎች ናቸው። የእያንዳንዱ መስመር ትክክለኛ ቦታ በቤተ ሙከራ ተለክቶ ታውቋል። ቀዩ የሃይድሮጅን መስመር ለምሳሌ በሞገድ ርዝመት 656.28 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሜትር ቢሊዮንኛ ነው) ላይ ነው።

ኮከቡ ወደ እኛ ሲመጣ መስመሮቹ ሁሉ ወደ ሰማያዊው ወገን፣ ከእኛ ሲርቅ ደግሞ ወደ ቀዩ ወገን ፈቀቅ ይላሉ። ይህን ሕግ ክርስቲያን ዶፕለር በ1842 በፕራግ ሲያቀርብ የጽሑፉ ርዕስ ራሱ ስለ ጥንድ ከዋክብት ቀለም ነበር። ከጥንዶቹ አንዱ ቀላ ብሎ ሌላው ሰማያዊ መስሎ የሚታየው በፍጥነታቸው ምክንያት ነው ብሎ አስቦ ነበር። በዚህ ተሳስቷል፤ የኮከብ ቀለም በዋናነት የሚመጣው ከሙቀቱ ነው። ሕጉ ግን ትክክል ነበር። በ1845 ባይስ ባሎት የተባለ ሆላንዳዊ ሊቅ መለከት ነፊዎችን ባቡር ላይ አሳፍሮ፣ ድምፁ ሲቀርብ እንደሚቀጥን ሲርቅም እንደሚወፍር በጆሮ አረጋገጠው። ጥንድ ከዋክብትን ለማብራራት የተሰነዘረው የተሳሳተ ግምት፣ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሳይሞላ ጥንድ ከዋክብትን የማግኛ ዋናው መሣሪያ ሆኖ ተመለሰ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ኮከቦች እየተዟዟሩ ከሆነ አንዱ ወደ እኛ ሲመጣ ሌላው ይርቃል። ስለዚህ እያንዳንዱ መስመር ለሁለት ይከፈላል። ጥቂት ቆይቶ ሁለቱም ከእይታችን አቅጣጫ ጋር ተሻግረው ሲጓዙ መስመሮቹ ይገጥማሉ፤ እንደገናም ቦታ ተለዋውጠው ይከፈላሉ። በቴሌስኮፕ ዓይን ነጥቡ አንድ ነው፣ ምንም አልተንቀሳቀሰም። መስመሮቹ ግን ይለያያሉ፣ ይገናኛሉ፣ ይለያያሉ። እንዲህ የሚያደርግ ብቸኛ ኮከብ የለም።

ትልቅ ቴሌስኮፕ ቢሠራ ለይተን አናያቸውም?

የካስተር ስድስቱ ኮከቦች ሦስት ጥንዶች ናቸው፤ ሦስተኛውን ጥንድ እንውሰድ። ሁለቱ ኮከቦች የሚራራቁት 2.7 ሚሊዮን ኪሎሜትር ገደማ ነው፤ ከእኛ ያላቸው ርቀት 51 የብርሃን ዓመት ያህል ነው። ይህን ክፍተት ከምድር ለይቶ ማየት፣ ጨረቃ ላይ የተጋደመ የሁለት ሜትር አጣና ከዚህ ሆኖ እንደ ማየት ነው። የምድር ከባቢ አየር ደግሞ በደህና ሌሊት እንኳ የኮከብን ምስል የሚያደበዝዘው በጨረቃ ላይ ሁለት ኪሎሜትር ያህል ስፋት በሚሸፍን መጠን ነው።

ብዙ ቴሌስኮፖችን አቀናጅቶ እንደ አንድ ማሠራት ግን ይቻላል። በካሊፎርኒያ ማውንት ዊልሰን ላይ ያለው ቻራ የተባለው መሣሪያ ስድስት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖችን እስከ 330 ሜትር አራርቆ ያቀናጃል። በ2022 በወጣ ጥናት የካስተር ሁለቱ ዋና ዋና ኮከቦች ቅርብ ተጣማሪዎች በዚህ መሣሪያ ተለይተው ታዩ። ስፔክትሮስኮፕ ካገኛቸው ከመቶ ዓመት በላይ በኋላ ማለት ነው።

ካስተር ስድስት መሆኑ እንዴት ተደረሰበት?

በአንድ ጊዜ አይደለም፣ በአንድ ሰውም አይደለም። ለዚህ ነው ታሪኩን የምወደው።

ካስተር በቴሌስኮፕ ሲታይ ሁለት መሆኑ አስቀድሞ የታወቀ ነበር። ዊልያም ኸርሼል በ1803 ባወጣው ጽሑፍ ሁለቱ እንዲያው በእይታ አቅጣጫ የተገጣጠሙ ሳይሆኑ በስበት ታስረው የሚዟዟሩ መሆናቸውን አሳየ። የስበት ሕግ ከፀሐይ ቤተሰብ ውጭም እንደሚሠራ ሰው በዓይኑ ያየበት የመጀመሪያው ማስረጃ ይህ ነው። አንዱን ዙር ለመጨረስ 460 ዓመት ገደማ ይፈጅባቸዋል፤ ስለዚህ ከኸርሼል እስከ ዛሬ ግማሹን እንኳ አላገባደዱም። እነዚህን ሀ እና ለ እንበላቸው።

በ1896 በሩሲያ ፑልኮቮ የሚሠራው አሪስታርክ ቤሎፖልስኪ ደብዘዝ ያለውን ኮከብ፣ የ«ለ»ን መስመሮች ሲለካ ወዲያና ወዲህ ሲሉ አገኛቸው። ዑደቱ 2.93 ቀን ነበር። ለ ራሱ ጥንድ ሆነ። በ1904 ደግሞ ሄበር ከርቲስ በካሊፎርኒያው የሊክ ምልከታ ጣቢያ ሀን መረመረ፤ ያም ይወዛወዛል፣ በ9.2 ቀን። አራት ደረሱ።

ከሁለቱ ራቅ ብሎ አንዲት ደብዛዛ ቀይ ኮከብ አለች፤ ሐ እንበላት። እርስዋም ከእነርሱ ጋር አብራ የምትጓዝ የቤተሰቡ አባል ናት። በ1920 አዳምስና ጆይ የተባሉ ተመራማሪዎች በማውንት ዊልሰን መስመሮቿ ድርብ መሆናቸውን አስተዋሉ። ሁለቱ ቀይ ድንክ ኮከቦች (ከፀሐይ ያነሱና ቀዝቀዝ ያሉ ናቸው) በ19 ሰዓት ተኩል አንድ ዙር ይጨርሳሉ! እያንዳንዳቸው በሴኮንድ 120 ኪሎሜትር ያህል ይበርራሉ፤ ስለዚህ ሁለቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲሮጡ ቀዩ የሃይድሮጅን መስመር በግማሽ ናኖሜትር ያህል ይሰነጠቃል። በሀ ላይ የሚታየው መወዛወዝ ግን በሴኮንድ 13 ኪሎሜትር ገደማ ነው፤ መስመሩ ፈቀቅ የሚለው በ0.03 ናኖሜትር ብቻ ነው። ከርቲስ ይህን የለካው በመስታወት ላይ በተነሣ ፎቶግራፍ፣ በማጉያ መነጽር እያየ መሆኑን ሳስብ ዛሬም ይገርመኛል።

የሐ ጥንዶች ሌላም ስጦታ አላቸው። ምህዋራቸው ለእኛ በጠርዙ በኩል ስለሚታይ እርስ በርስ ይጋረዳሉ። ግርዶሹ የሚቆይበት ጊዜና የሚቀንሰው ብርሃን ስፋታቸውን ይነግራል፤ መስመሮቹ ደግሞ ፍጥነታቸውን። ሁለቱ ሲጣመሩ እያንዳንዳቸው የፀሐይን መጠነ ቁስ 0.6 ያህል፣ ስፋታቸውም የፀሐይን 0.62 ያህል እንደሆነ ታወቀ። ስለ ቀይ ድንክ ኮከቦች የሚነገር ንድፈ ሐሳብ ሁሉ በእነዚህ ሁለቱ ይፈተናል።

ተጣማሪው ምንም ብርሃኑ ባይታይስ?

አባት ልጁን በሁለት እጁ ይዞ ሲያሽከረክረው አይተው ያውቃሉ? ልጁ በትልቅ ክብ ይበርራል፤ አባትየውም ቢሆን በአንድ ቦታ አይቆምም፣ ትንሽ ክብ እየሠራ ይረግጣል። አሁን ጨለማ ነው እንበል፤ ልጁ አይታይም፣ የአባትየው ነጭ ጋቢ ብቻ ይታያል። የጋቢውን እንቅስቃሴ ያየ ሰው በሌላኛው ጫፍ አንድ ነገር እንዳለ ይረዳል።

የካስተር ሀ እና ለ ሁኔታ ይህ ነው። ተጣማሪዎቻቸው በመጠነ ቁስ የፀሐይን 0.4 ያህል የሚሆኑ ቀይ ድንኮች ናቸው፤ ብርሃናቸው በዋናው ኮከብ ብርሃን ተውጧል። የሚታየው አንድ የመስመር ረድፍ ብቻ ስለሆነ ባለ አንድ መስመር ጥንድ ይባላሉ። የሐ ዓይነቱ ባለ ሁለት መስመር ነው። ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። ሁለቱም መስመር ሲታይ የሁለቱ ኮከቦች የመጠነ ቁስ ንጽጽር ወዲያው ይገኛል፤ በዝግታ የሚወዛወዘው ከባዱ ነው። አንዱ ብቻ ሲታይ ግን የሚገኘው ለተጣማሪው መጠነ ቁስ ዝቅተኛው ወሰን ነው፤ ምህዋሩ ምን ያህል እንዳዘነበለ መስመሩ አይናገርም።

የመጀመሪያውን ማን አገኘ?

በ1889 የሃርቫርዱ ኤድዋርድ ፒከሪንግ ሚዛር የተባለው ኮከብ የካልሲየም መስመሩ አንዳንድ ቀን ድርብ፣ አንዳንድ ቀን ነጠላ እንደሚሆን አስታወቀ። በዚያው ዓመት በጀርመን ፖትስዳም ኸርማን ፎግል የአልጎልን ኮከብ መወዛወዝ ለክቶ፣ በየ2 ቀን ከ21 ሰዓቱ የሚደበዝዘው ተጣማሪ ስለሚጋርደው መሆኑን አረጋገጠ። ያን መጋረድ ጆን ጉድሪክ የተባለ መስማት የተሳነው እንግሊዛዊ ወጣት ከዚያ መቶ ዓመት ያህል ቀድሞ ገምቶት ነበር።

የሃርቫርዱ ታሪክ ግን አንቶኒያ ሞሪ ካልተጠራች ጎደሎ ነው። የሚዛርን ፎቶግራፎች የመረመረችው እርስዋ ነበረች፤ ሁለተኛውን ባለ ድርብ መስመር ኮከብ፣ በሠረገላ ነጂው ክፍል ያለውን ቤታ ኦሪጋን፣ በዚያው በ1889 ያገኘችው ራስዋ ናት። ዑደቱ አራት ቀን ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ፒከሪንግ የሚዛርን ዑደት መጀመሪያ 104 ቀን ብሎ ነበር፤ በኋላ ፎግል በ1901 ሃያ ቀን ተኩል መሆኑን አሳየ። ምልከታው ሲሳሳ ዑደቱ እንዲህ ያታልላል።

ሚዛርም የካስተር ዘመድ ነው ማለት ይቻላል። በቴሌስኮፕ ሁለት ነው፣ ሁለቱም በስፔክትሮስኮፕ ጥንዶች ናቸው፣ አጠገቡ ያለችው አልኮር ደግሞ በ2009 የራስዋ ተጣማሪ ተገኝቶላታል። ድምሩ ስድስት።

ምድር ራስዋ እየተንቀሳቀሰች ልኬቱ አይሳሳትም?

ይሳሳታል፤ ስለዚህ ይታረማል። ምድር ፀሐይን ስትዞር በሴኮንድ 30 ኪሎሜትር ያህል ትጓዛለች፤ ይህ ከካስተር ሀ መወዛወዝ ይበልጣል። እያንዳንዱ ልኬት የተወሰደበት ደቂቃና ቦታ ተመዝግቦ የምድር ፍጥነት ይቀነስለታል።

ሦስተኛ ኮከብ መኖሩ በመስመሮቹ ይታወቃል?

ብዙ ጊዜ ይታወቃል፣ በሁለት መንገድ። አንዱ ቀላሉ ነው፤ ሁለት የሚንቀሳቀሱ መስመሮች መካከል አንድ የማይንቀሳቀስ መስመር ይገኛል። ሁለተኛው ትዕግሥት ይጠይቃል። ጥንዶቹ በሦስት ቀን ይዞራሉ እንበል፤ የዙሩ መካከለኛ ፍጥነት ዘንድሮ በሴኮንድ 10 ኪሎሜትር፣ ከሦስት ዓመት በኋላ 12 ከሆነ፣ ጥንዱን ራሱን የሚጎትት ሌላ ኮከብ በሩቅ አለ ማለት ነው።

ይህ እንግዳ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ለቅርብ ጥንዶች ልማዱ ነው። አንድሬ ቶኮቪኒንና ባልደረቦቹ በ2006 እንዳሳተሙት፣ ፀሐይን ከሚመስሉ ከዋክብት መካከል ዑደታቸው ከ3 ቀን በታች ከሆነ ጥንዶች 96 በመቶ ያህሉ ሦስተኛ አላቸው። ዑደታቸው ከ12 ቀን ለሚበልጡት ቁጥሩ ወደ 34 በመቶ ይወርዳል። ቶኮቪኒን በቺሊ ሴሮ ቶሎሎ ላይ ባለው ባለ 1.5 ሜትር ቴሌስኮፕ እንዲህ ያሉትን ንዑስ ጥንዶች ለዓመታት አንድ በአንድ ሲከታተል ቆይቷል። ቴሌስኮፑ በዛሬ መለኪያ ትንሽ ነው፤ ሥራው የሚጠይቀው የመስታወት ስፋት ሳይሆን ተመላልሶ ማየትን ነው።

ታዲያ ሦስተኛው ለምን ይኖራል? ኮከብ ሲወለድ ግዙፍ ነው፤ ሁለት ኮከቦች ገና ከጅምሩ እንዲህ ተጠጋግተው ሊወለዱ አይችሉም። ስለዚህ የሆነ ነገር አቀራርቧቸዋል። ሶቪየቱ ሚካኢል ሊዶቭ በ1961፣ ጃፓናዊው ዮሺሂዴ ኮዛይ በ1962 ለየብቻቸው ያሳዩት አንድ መንገድ አለ። ሩቁ አካል ምህዋሩ ካዘነበለ የቅርቦቹን ምህዋር ቀስ በቀስ ይለጥጠዋል። ክቡ እንቁላል ይመስላል፣ ጥንዶቹ በአንዱ ጫፍ እጅግ ይቀራረባሉ፣ እርስ በርስ ሲሳሳቡ የሚነሣው ፍትጊያ ጉልበታቸውን ይበላል፣ ምህዋሩም ይጠብባል። ይህ ብቻውን ሁሉንም አያብራራም፤ ብዙዎቹ የተቀራረቡት ገና በልደታቸው ዘመን፣ በዙሪያቸው በነበረው ጋዝ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

መስመሩ ከተወዛወዘ ሁልጊዜ ተጣማሪ አለ ማለት ነው?

አይደለም፤ በዚህ የተሳሳቱት ደግሞ ተራ ሰዎች አይደሉም። ያው የካስተርን ተጣማሪ ያገኘው ቤሎፖልስኪ በ1894 ዴልታ ሴፌይ የተባለው ኮከብ መስመሮች በ5.4 ቀን ዑደት እንደሚወዛወዙ አገኘ፤ ለሃያ ዓመት ያህልም እንደ ጥንድ ኮከብ ተቆጠረ። በ1914 ሃርሎ ሻፕሊ ይህ ሊሆን እንደማይችል ተከራከረ፤ በስሌቱ መሠረት ተጣማሪው የሚዞረው በዋናው ኮከብ ሆድ ውስጥ ይሆን ነበር! የሚሆነው ሌላ ነው። ኮከቡ ራሱ እንደ ወናፍ ይነፋል፣ ይሟሽሻል፤ ወደ እኛ የሚመጣውና የሚመለሰው ገጹ ነው።

ዘዴው የማይሠራው መቼ ነው?

ምህዋሩ ከላይ ሆኖ እንደሚታይ እንጀራ ፊት ለፊት ከዞረልን ኮከቦቹ ወደ ጎን እንጂ ወደ እኛ አይንቀሳቀሱም፤ መስመሩ ጸጥ ይላል። ኮከቡ በራሱ ዛቢያ በጣም ከፈጠነ ደግሞ መስመሮቹ ተለጥጠው ስለሚደበዝዙ ትንሽ ፈቀቅታ አይለይም፤ ትኩስና ነጫጭ ኮከቦች በዚህ ያስቸግራሉ። ተራርቀው የሚዞሩትም ፍጥነታቸው አነስተኛ፣ ዑደታቸው ረጅም ስለሆነ ያመልጣሉ።

አንዱን ለማረጋገጥ ስንት ጊዜ ይፈጃል?

እንደ ዑደቱ ነው። የካስተር ሐን በሁለት ሌሊት መጠርጠር ይቻላል። የሰሜን ኮከብ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ቅርብ ተጣማሪው የሚዞረው በ30 ዓመት ገደማ ነው። ኮከቡ ራሱ በ4 ቀን እየተነፋ ስለሚሟሽሽ መጀመሪያ ያን ለይቶ መቀነስ ያስፈልጋል። መወዛወዙ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ በመስመሮቹ ይታወቅ ነበር፤ ተጣማሪውን ሀብል የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ለብቻው ፎቶ ያነሣው ግን በ2005 ነው። አንድ ሰው በሥራ ዘመኑ አንድ ዙር ብቻ የሚያይበት ኮከብ መሆኑ ነው።

በቅርብ ዓመታት ብዛቱን ሳተላይት ተያይዞት ነበር። ምልከታውን በ2025 የጨረሰው የአውሮፓው ሳተላይት ጋያ በ2022 ባወጣው መዝገብ ላይ በተለያዩ ዘዴዎች የተለዩ ከ800,000 በላይ ጥንዶች አሉ። ይሁንና የጋያ ስፔክትሮስኮፕ ደብዛዛ ኮከቦችን አጥርቶ አይለይም ነበር፤ ተጠላልፈው የሚዞሩ ሦስትና አራት ኮከቦችን ለመፍታት ዛሬም የምድሩ መሣሪያ ይፈለጋል።

ፀሐይስ ተጣማሪ አላት?

የታወቀ የላትም። ብቸኛ በመሆንዋም ለብዙኃኑ ትጠጋለች፤ በ2010 በ454 ፀሐይ መሰል ጎረቤት ከዋክብት ላይ የታተመ ጥናት 56 በመቶውን ነጠላ፣ 33 በመቶውን ጥንድ፣ 8 በመቶውን ሦስት፣ 3 በመቶውን ከዚያ በላይ ሆነው አግኝቷቸዋል።

ፕላኔቶች የሚገኙትም በዚሁ ዘዴ አይደለም?

ከዘዴዎቹ አንዱ ይኸው ነው። ሚሼል ማዮር ለዓመታት ያጠና የነበረው ጥንድ ከዋክብትን ነበር። መሣሪያው እየረቀቀ ሲሄድ በ1995 ከዲዲዬ ኬሎ ጋር 51 ፔጋሲ የተባለው ኮከብ በሴኮንድ 60 ሜትር ያህል ሲወዛወዝ አገኙት፤ ተጣማሪው ኮከብ ሳይሆን ፕላኔት ነበር። በ2019 የኖቤል ሽልማት አስገኘላቸው።

ካስተርን ከኢትዮጵያ ማየት ይቻላል?

በደንብ ይቻላል። በየካቲት ወር ከምሽቱ 3 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ፊትዎን ወደ ሰሜን አዙረው ቀና ይበሉ፤ ከአናትዎ ዝቅ ብሎ ሁለት ደማቅ ኮከቦች ይታያሉ። ደመቅ ብሎ ወርቃማ የሚመስለው ፖሉክስ ነው፤ ነጣ ያለው ካስተር ነው። አነስተኛ ቴሌስኮፕ ካለዎት ከመቶ እጥፍ በላይ ሲያጎሉ ሀ እና ለ ተጣብቀው እንደቆሙ ሁለት ነጫጭ ነጥቦች ይለያሉ። ሐ ከእነርሱ ወደ ደቡብ ወረድ ብላ በጣም ደብዝዛ ትገኛለች፤ ጨረቃ ያለችበት ሌሊት ከሆነ መፈለጉን ለሌላ ቀን ያቆዩት።